ዕቃው ከጀርመን እየመጣ ነው

ሬዲዮ መክፈት እችላለሁ፤ ያቃተኝ መግጠሙ ነው። ዓለም ባንክ ባለው ቤቴ ከቡፌው ጀርባ እስከ አልጋው ሥር የኋላ ክዳናቸው የተነሣ አሮጌ ሬዲዮዎች ተደርድረዋል። ብሎኖቻቸው በየፌስታሉ ታስረዋል፤ የትኛው ፌስታል የየትኛው ሬዲዮ እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው። የሠፈሩ ሰው "የሬዲዮው ሰውዬ" ይለኛል። ስሙን ያወጣልኝ ማንም ይሁን፣ እኔ የጠገንኩት ሬዲዮ ሲናገር ሰምቶ አይደለም። ሬዲዮ አቅፌ ስገባ አይቶኝ ነው። አቅፌ እስክወጣ ቢጠብቅ ኖሮ ሌላ ስም ያወጣልኝ ነበር።

ሠፈራችን ለበሽታዬ የተመቸ ነው። ከአየር ጤና አለፍ ብሎ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ እንደመሆኑ፣ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ የመጣ ሰው ሞልቶበታል። ሰው ከልደታ ወይም ከተክለ ሃይማኖት ሲለቅ ሶፋውን ይሸጣል፣ ያረጀ ቆርቆሮውን ለቁራሌው ይሰጣል፣ የአባቱን ሬዲዮ ግን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ ይመጣል። ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን፣ ፊሊፕስ። ወዙ ያልጠፋ የእንጨት ሣጥን፣ የከተሞች ስም የተደረደረበት መስተዋት፣ ጣቢያ ሲያገኝ የምትጠብ አረንጓዴ ዓይን። አዲሱ ሳሎን ገብቶ ዳንቴል ይለብሳል፤ የልጆች ምርቃት ፎቶ ይቆምበታል። አይናገርም እንጂ ሁሉ ነገሩ ሙሉ ነው።

ባለቤቶቹ ሲያወሩልኝ ታሪኩ ይበዛል። አልጋ ወራሹ ታኅሣሥ 1953 ያነበቡትን የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይን ዐዋጅ በዚሁ ነው የሰማነው ይላሉ። ከ1955 ጀምሮ ደርግ በ1969 እስኪወርሰው ድረስ ብሥራተ ወንጌል፣ ከ1957 ወዲህ ደግሞ ያኔ ከኮሎኝ ይመጣ የነበረው የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት፣ ሁሉም በዚሁ። ይህን እያወሩ ዓይናቸው እንባ ካቀረረ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም። "እስቲ ይስጡኝና ልየው" እላለሁ። ልየው ማለት ልውሰደው ማለት ነው፤ ልውሰደው ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ አልጋዬ ሥር ጎንበስ ያለ ያየዋል።

አሮጌ ሬዲዮ ሲሞት ብዙ ጊዜ ገዳዩ ካፓሲተር ነው፤ የድሮዎቹ ጠጋኞች ኮንደንሰር የሚሉት። ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች፣ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር፣ አለቀ። ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ድምፁን፣ ያሳልፋል፤ ቀጥተኛውን ያግዳል። በዚያ ዘመን ሬዲዮዎች ውስጥ ማገጃው ብዙውን ጊዜ ሰም ወይም ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው። ወረቀት በዓመታት ብዛት እርጥበት ይስባል፣ ያረጃል፣ አግድ የተባለውን ማሳለፍ ይጀምራል። የአሉሚኒየም ቆብ ያላቸው ኤሌክትሮሊቲኮች ደግሞ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቅና ሬዲዮው ከዜናው በፊትም ከዜናው በኋላም "እምምም" ይላል። ሚካና ሴራሚክ የሆኑት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤታቸውን ቀብረው ይኖራሉ፤ ባይነኩ ይመረጣል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህችን ያህል ማወቅ ለመጠገን አትበቃም፣ ለማውራት ግን ተርፋ ትፈሳለች። ክዳን ስከፍት ሰው ካለ በእርሳስ ጫፍ እየጠቆምኩ "እቺ ወረቀት ናት፣ አርጅታለች። እቺ ኤሌክትሮሊቲክ ናት። እቺን እንዳትነኳት፣ ሚካ ናት" እላለሁ። አንዳንዴ ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ። የተቃጠለ የሴሌኒየም ሬክቲፋየር የበሰበሰ ነገር እንደሚሸት እውነት ነው፤ እኔ ግን ምንም ሳይሸተኝም አሸታለሁ፤ ሰው አፍንጫ ያምናል። ጉድለቴ አለማወቅ ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። አውቃለሁ። የማልወደው መለካት ነው። ቴስተር በሰው ፊት "ተሳስተሃል" የሚል ዕቃ ነው፤ ይሉኝታ አልፈጠረበትም።

የቆየ ሬዲዮ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንደማይሰካ ስንቱን አስተምሬያለሁ። ዓመታት ሳይሠራ የተቀመጠ ኤሌክትሮሊቲክ ውስጡ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚሳሳ፣ ሙሉ ኃይል በድንገት ሲመጣበት ይግላል፣ ሲብስበት ይፈነዳል። መላው ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖል ነው። የሬዲዮው ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል አልፎ እንዲመጣ ይደረጋል። ሬዲዮው ደኅና ከሆነ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል፤ ውስጡ ሾርት ካለ ቦግ እንዳለ ይቀራል። ይኼው ነው፤ ልጅም ያነበዋል።

ታዲያ ራሴ ላደርገው ስነሣ ሱቁ ሁሉ ኤልኢዲ ብቻ ነው። አምፖል ያው አምፖል ነው ብዬ ኤልኢዲውን ገጠምኩት። ቦግ አለ። ቦግ እንዳለ ቀረ። ፍርዴን ወዲያው ሰጠሁ፤ ትራንስፎርመሩ ሾርት አድርጓል። ኤልኢዲ የሚጠቀመው ኃይል እጅግ ትንሽ በመሆኑ በሬዲዮው ጥቅል ሽቦ አልፎ የሚደርሰው ጭላጭ እንደሚበቃው፣ ሬዲዮው ጤነኛ ይሁን ሬሳ ግድ እንደሌለው የገባኝ ትራንስፎርመሩን ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ ካሳረፍኩት በኋላ ነው። ቴስተር ሳስነካው ፍጹም ጤነኛ ነበር። የትኛው ሽቦ ከየት እንደተነቀለ ግን አልጻፍኩም። መጻፍ ለጀማሪ ነው ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ፤ ነበርኩ ስል አሁንም ነኝ።

ከሁሉ የማፍርባት ግን አንዲት የጣት አንጓ የምታህል ቡናማ ካፓሲተር ናት። ጫፍና ጫፏ ሬንጅ በመሰለ ነገር ተደፍኗል፣ ሬንጁ በቀጭኑ ተሰነጣጥቋል፣ ሆዷ ላይ 22000 የሚል የደበዘዘ ጽሑፍ አለ። የምትቀመጠው በተለመዱት የጀርመን ሬዲዮዎች ድምፁን መጀመሪያ በሚያጎላው በኢኤቢሲ80 ቫልቭና ስፒከሩን በሚነዳው በኢኤል84 መካከል ነው። ሥራዋ ድምፁን ወደ ኢኤል84 ማሳለፍ፣ ከኋላ ያለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ግን በሩ ላይ ማቆም። እሷ ማሳለፍ ከጀመረች ፖዘቲቭ ቮልቴጅ የኢኤል84 መቆጣጠሪያ ላይ ይወጣል፣ ቫልቩ ያለ ልክ ኃይል ይስባል፣ አኖዱ ይቀላል፣ ከዚያ የስፒከሩን ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል። ጠጋኝ የሆነ ሁሉ ከማንም በፊት የሚመረምረው እሷን ነው።

እኔም መረመርኳት፤ ሐሰት አልናገርም። አንድ እግሯን ፈትቼ በዲጂታሉ ቴስተር የካፓሲተር መለኪያ ላይ አስቀመጥኳት። 22 ናኖ መሆን የሚገባት 31 አለች። ደስ አለኝ። "ከዕድሜዋ ጋር አቅም ጨምራለች" ብዬ ለቆመው ሰው ሁሉ አበሠርኩ። በእርጅና የጨመረ ንባብ የጤና ምልክት እንዳልሆነ፣ የምታፈስ ካፓሲተር ቴስተሩን አታላ ከልኳ በላይ እንደምታስነብብ፣ ደግሞም ያ ቴስተር የሚለካው ጥቂት ቮልት ብቻ ሰጥቶ ሲሆን እሷ የምትሠራው ከዚያ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ቮልቴጅ ላይ መሆኑን አውቅ ነበር፤ አንብቤያለሁ፣ ለሰውም ተናግሬያለሁ። በወጉ የሚደረገው ወደ ኢኤል84 የሚሄደውን እግሯን ፈትቶ፣ ሬዲዮውን አብርቶ፣ በተፈታው እግርና በሻሲው መካከል ያለውን ቀጥተኛ ቮልቴጅ መለካት ነው። ደኅና ከሆነች ንባቡ ወርዶ ዜሮ አካባቢ ይቀመጣል። ቮልቶች ከታዩ አልቆላታል። ይህ የሚፈጀው ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይደለም። እኔ ግን ሰው ፊት ቆሜ 31 ብያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዳግም መለካት ማመንታት ይመስላል።

ቀጠልኳት፤ ሬዲዮውም ተናገረ! የሳሎኑ ሰው እልል ሊል ምንም አልቀረውም። አረንጓዴዋን ዓይን ላሳያቸው ብዬ መብራቱን አጠፋሁ። ዓይኗ በራች። ከኋላ በኩል ደግሞ ሌላ ብርሃን ነበረ፤ ቀይ፣ ደብዘዝ ያለ፣ እየደመቀ የሚሄድ።

"ያ ቀዩ ምንድን ነው?" አለ አንድ ልጅ።

"ማሞቂያው ነው" አልኩት።

ማሞቂያ ቫልቭ ውስጥ በርግጥ አለ፤ የሚበራው ግን መሀል ላይ በቀጭኑ ነው እንጂ የቫልቩ ገላ በሙሉ ፍም አይሆንም። ልጁ ጠያቂ ነው፤ "መጥፎ ሽታስ?" አለ። ለሽታው መልስ አላዘጋጀሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የባሰ መድኃኒት አገኘሁ፤ ሁሉንም መቀየር። ፈልጎ የማግኘት ድካም የለውም፣ ቴስተር አይጠይቅም፣ ቁምነገረኛም ያስመስላል። መርካቶ ወርጄ ምናለሽ ተራ ከፈረሱ ሰሌዳዎች ላይ ካፓሲተር በየዓይነቱ ለቅሜ እመጣለሁ፤ ያረጀውን አውጥቼ ሌላ ያረጀ አስገባለሁ። ጤነኞቹ ሚካዎች ሳይቀሩ ተነቅለዋል፤ ያንን "እንዳትነኳት" እያልኩ የሰበክሁትን እጄ ረስቶታል።

በዚህ ዘመቻ ካደረስኩት ጉዳት አንዱ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር ነው። ወፍራም፣ የሚያምር፣ ሆዱ ላይ 200 ቮልት ተብሎ በጉልህ የተጻፈበት። የሬዲዮው ዋና መስመር ደግሞ 290 ገደማ ነው። ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚመጣው ታክሲ ለሦስት የተሠራ ወንበር አራት ሰው ስለሚችል ይኼም "ጠጋ ጠጋ" ብሎ ይችላል ብዬ አሰብኩ። አልቻለም። ፍንዳታው ጋብ ሲል የወረቀትና የብረት ብጥስጣሽ ከጣሪያው እየተንሳፈፈ ይወርድ ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ "የውጭው ትራንስፎርመር ነው ወይስ አንተ ነህ?" አለች። ትራንስፎርመሩ ነው ማለት እችል ነበር፤ የሠፈሩ መብራት በሙሉ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ እሱን ይዤ እሟገት ነበር፤ ግን የእኛ ቤት ብቻ ነው የጠፋው።

ሌላው 223 ነው። አዲሶቹ ካፓሲተሮች ላይ 223 ማለት 22 ብሎ ሦስት ዜሮ መጨመር ነው፤ 22000 ፒኮ ፋራድ። የሚያስፈልገኝ 220 ፒኮ ነበር፤ እሱ 221 ተብሎ ነው የሚጻፈው። እኔ 223ቱን አንስቼ "ሦስት ብትበልጥ ምን አለበት" አልኩ። መቶ እጥፍ በለጠች። ጋዜጠኛው መናገሩን ቀጠለ፤ ግን "ሰ" እና "ሽ" የሚባሉ ፊደሎች ከዜናው ውስጥ ተሰወሩ፤ ቀጫጭኑን ድምፅ በሙሉ ወደ ሻሲው እያፈሰሰችው ነው። ለባለቤቱ "የጣቢያው ችግር ነው" አልኩት።

ንዝረትም ቀምሻለሁ። ሬዲዮ ከሶኬት ተነቅሎም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች የያዙትን ይዘው ይቆያሉ፤ እጅ ከመግባቱ በፊት በሪዚስተር ቀስ አድርጎ ማራገፍ ያስፈልጋል። በ1746 እ.ኤ.አ. ላይደን ከተማ ፒተር ቫን ሙሸንብሩክ የሚባል የፊዚክስ መምህር፣ የካፓሲተር ሁሉ ቅድመ አያት በሆነው የብርጭቆ ማሰሮ ተመትቶ፣ የፈረንሳይን መንግሥት ቢሰጡት እንኳ እንደማይደግመው ለወዳጁ ጽፏል። እኔ የፈረንሳይ መንግሥት ቀርቶ የታክሲ ሳይከፈለኝ ደግሜዋለሁ። ሪዚስተሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ መነሣት ይፈልጋል።

በመጨረሻ አንዱን ሬዲዮ ተሸክሜ መርካቶ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ተግባረ ዕድ የተማሩ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው። ክዳኑን ከፍተው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

"ምን ምን ቀየርክ?"

"ሁሉንም፣ ጋሼ።"

"የተበላሸው የቱ ነበር?"

መልስ የለኝም። መበየጃቸውን መልሰው አስቀመጡ።

"እንግዲህ ያመጣህልኝ ሁለት ሬዲዮ ነው። አንዱ ድሮ የተበላሸው፣ ሌላው አንተ ያበላሸኸው። ሣጥናቸው አንድ ሆነና ለየትኛው እንደማዝን ቸገረኝ።"

ከዚያ ምክሩን ሰጡኝ፤ አንድ ቀይር፣ አብራ፣ ለካ፣ ስማ፣ ከዚያ ሌላውን። ኢኤል84 ካቶድ ላይ ሰባት ቮልት ገደማ ካገኘህ ደግ ነው፣ ከዚያ በጣም ካለፈ ያችን ቡናማዋን ተጠራጠር። የነቀልከውን ጻፍ። የነቀልካትን አትጣላት፣ ስም ጽፈህ አስቀምጣት። "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" እያልኩ ተሰናበትኩ። ጦር ኃይሎች እስክደርስ አስታውሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ዘመን ሰውን ያቆየሁት በአንዲት ቃል ነው፤ "ዕቃ የለም።" ድሮ የልብስ ሰፊና የጫማ ሰፊ "ነገ ና" ሲያሰለቸኝ ዕድሩ ላይ ሳይቀር የማማርር ሰው ነበርኩ። አሁን ነገሩን ሳየው እነሱ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ቀን ይቆርጣሉ። እኔ "ዕቃው አገር ውስጥ ጠፍቷል" ብዬ ፊቴን ኮስተር አደርጋለሁ፤ ሰው ያዝንልኛል፤ አንዳንዱም ያጽናናኛል። ባለ 630 ቮልት 22 ናኖ ካፓሲተር ጥፍር የምታህል ርካሽ ዕቃ ናት፤ ቤቴ ውስጥ አልጠፋችም።

እንዲያም ሆኖ አንድ ሬዲዮ ሠርቻለሁ። የጎረቤቴ የእማማ ነው። የተሳካልኝ በጥበብ አይደለም፤ እጄ ላይ የቀረችው ካፓሲተር አንዲት ብቻ ስለነበረች ያችን ቡናማዋን ብቻ ቀየርኩ። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ተናገረ። ኤፍኤም 96.3፣ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሁሉም ይሰማል። ወሰድኩላቸው። መረቁኝ፣ ቡና አፈሉ፣ ቆሎ ቀረበ። ከዚያ፦

"በል ልጄ፣ ሸገርን አምጣልኝ።"

ሸገር 102.1 ነው። የዚያ ዘመን የጀርመን ሬዲዮ የኤፍኤም ሰሌዳ 100 ላይ ያልቃል። በዚያን ጊዜ በጀርመን ለኤፍኤም የተመደበው ሞገድ እስከዚያው ነበርና ፋብሪካው እስከዚያው ሠራው። ይህን መናገር ነበር። "እማማ፣ ይኼ ሬዲዮ የተሠራው ሸገር ከመኖሩ በፊት ነው" ማለት ብቻ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው 97.1 ይሰሙ ነበር። እኔ ግን የቡናው ጀበና ሳይወርድ "ትንሽ ማስተካከያ ትፈልጋለች" ብዬ ሬዲዮውን አቅፌ ተመለስኩ።

ማስተካከያዎቹ ትሪመር የሚባሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች ናቸው፤ በካቻቢቴ ይዞራሉ፤ ፋብሪካው አስተካክሎ በሰም አትሟቸዋል። ማኅተሙን ሰበርኩ። የነበሩበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ፤ እርሳሱ ሰው ሲኖር ለመጠቆሚያ ብቻ ነው የሚያገለግለኝ። ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ ሸገር አልመጣም። ወደ ግራ አዞርኩ፣ 98.1 ሄደ። መልሼ ሳዞር 97.1ም ሄደ። አሁን ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማው ነፋስ ነው።

እማማ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ያገኙኛል።

"ልጄ፣ ዕቃው መጣ?"

"ከጀርመን እየመጣ ነው እማማ።"

"አይ ጀርመን! ሩቅ ነው መሰለኝ።"

እስከዚያው የልጅ ልጃቸው ትንሽ የቻይና ሬዲዮ ገዝቶላቸዋል፤ ፍላሽም ትወስዳለች፣ መብራትም አላት፣ ሸገርንም ታመጣለች። ባለፈው ድምፅዋ ሰለለና ይዘዋት መጡ። ተቀብዬ አገላበጥኳት፤ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። "ካፓሲተር ናት" ብዬ ካቻቢቴ ሳነሣ ልጁ ከእጄ ወሰዳትና የጀርባ ክዳኗን በጥፍሩ ከፍቶ አዲስ ባትሪ አስገባባት። ሳሎኑ በማስታወቂያ ተሞላ።

"እኔም ልል የነበረው እሱኑ ነው" አልኩ።